ስለ አጥንትና ስለ ሰው ሠራሽ ርብራብ

ከሰመራ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚጓዝ መንገደኛ ሰርዶን ያልፋል። የቀድሞዪቱን ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት 20 ቀን የምድር መናወጥ አፈረሳት፤ ልክ በሳምንቱም ሁለተኛው መናወጥ የተረፈውን መታው። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጥናት ተቋምን ይመሩ የነበሩት ካህን ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያን የምድር መናወጥ ታሪክ በጻፉበት መጽሐፍ ይህን መቅሠፍት መዝግበውታል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ያው ምድር እንደ ገና ሲናወጥ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው መሰደዳቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ግንብ በሰው ላይ በወደቀ ጊዜ ሥጋው ቢቆስል ይድናል፤ አጥንቱ የደቀቀ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሁን ደግሞ የምድር መናወጥ ባይኖርም እንኳ በዚያ ጐዳና ቀንና ሌሊት የሚመላለሰው ከባድ መኪና ስንቱን ሰው አካለ ጐደሎ እንዳደረገ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ከእንዲህ ያለው መንገደኛ አንዱ ነው። ወደ አሳይታ ስሄድ በሎጊያ ከአንድ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ዐረፍሁ። በዚያም ሁለት ምርኵዝ አጠገቡ ያስደገፈ፥ የተሳቢ ሾፌር የነበረ የወሎ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። መስቀል ተሳልሞ ታሪኩን ነገረኝ። የቅልጥሙ አጥንት መካከሉ ደቅቆ ስለ ወጣ፥ ብረት ገብቶ ቢታሰርም ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አልገጠመም። ሐኪሞቹ ክፍተቱ መሞላት አለበት ብለው ሁለት መንገድ አሳዩት፤ አንደኛው ከራሱ ዳሌ አጥንት ፍቀው በስፍራው ሊያኖሩ፥ ሁለተኛው ከዚሁ ጋር በፋብሪካ የተሠራ የአጥንት ምትክ ሊጨምሩበት። እርሱ ግን ሁለተኛውን በሰማ ጊዜ ፈርቶ ወደ ሥራ ባልደረቦቹ ተመልሶ መጣ። «አባ፥ በእግሬ ውስጥ የሚያስቀምጡት አርተፊሻል ነው አሉኝ። እንግዲያ በትንሣኤ ቀን በማን እግር ልቆም ነው?» አለኝ።

እኔም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ተነሣሁ። መኪናችን ሊሄድ ነበርና። ነገር ግን እንዲህ ያለው መልስ እውነት ቢሆንም ስንፍናን የሚሸፍን እውነት ነው፤ ሰውዬው የጠየቀው እግዚአብሔር ማወቁን አልነበረም። ስለዚህ ያን ጊዜ ያልመለስሁለትን ዛሬ ልመልስ እሞክራለሁ። የምናገረውም እንደ አንድ አገልጋይ የራሴን አሳብ እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ቀኖና አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሞ አጥንት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን አጥንትን እንደ ድንጋይ የሞተ፥ ሥጋ የሚሸከም ምሰሶ ብቻ አድርገን እናስበዋለን፤ ይህ ስሕተት ነው። የአጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛው ያህል የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ሲሆን፥ የቀረው አብዛኛው ኮላጅን የሚባል እንደ ጅማት ያለ ክር ነው። ማዕድኑ ባይኖር አጥንት እንደ ጠፍር በተጣጠፈ፥ ክሩ ባይኖር እንደ ሸክላ በተሰበረ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደም ይመላለሳል፤ ሕያዋን ሕዋሳትም ሌት ተቀን ይሠራሉ። ከእነርሱም አንዱ ወገን ያረጀውን አጥንት እያሟሟ ያፈርሳል፤ ሌላው ወገን ደግሞ በፈረሰው ፈንታ አዲስ ያንጻል። በጐልማሳ ሰው በየዓመቱ ከአጥንቱ ሁሉ ከዐሥር እጅ አንዱ ያህል እንዲህ ይታደሳል። አጥንት ሲሰበርም በስፍራው ደም ይረጋል፥ ልምጭ ያለ ቅርጭምጭሚት መሰል አካል ይበቅላል፥ እርሱም ወደ አጥንት ይለወጣል፤ ከዚያም ሕዋሳቱ ትርፉን እየጠረቡ ወደ ቀድሞው መልኩ ይመልሱታል። ቆዳ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፤ አጥንት ግን በደኅና ከዳነ ጠባሳ የለውም። ጠቢቡ በመጽሐፈ መክብብ በ11ኛው ምዕራፍ፥ በእርጉዝ ማኅፀን አጥንት እንዴት እንደሚያድግ ሰው አያውቅም ሲል ከሰው እውቀት ሁሉ መርጦ ይህን ያነሣው በከንቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ የመታደስ ኀይል ወሰን አለው። ስብራቱ ከተገናኘና ከጸና ይገጥማል፤ ከአጥንቱ አንድ ሰፊ ቍራጭ የጠፋ እንደ ሆነ ግን አንጺዎቹ ሕዋሳት ክፍተቱን መሻገር አይችሉም። ወንዝ ሞልቶበት ድልድይ እንዳጣ መንገደኛ በሁለቱ ዳር ይቆማሉ። በመካከሉም ጠባሳ ሥጋ ይሞላበታል፤ ሰውዬውም ዕድሜውን ሙሉ በምርኵዝ ይኖራል፥ ወይም እግሩ ይቈረጣል።

ሐኪሞች ለዚህ ያገኙት የመጀመሪያው መፍትሔ የበሽተኛውን የራሱን አጥንት ከዳሌው ወስዶ መትከል ነው። ይህ እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚታመን ነው፤ ሕያው ሕዋስም፥ ማዕድንም፥ ክርም አንድ ላይ ይዟልና። ነገር ግን አንዱን ቍስል ለማዳን ሁለተኛ ቍስል መክፈት ነው፤ ከዳሌ የሚገኘውም መጠን ጥቂት ነው። ሁለተኛው ከሞተ ሰው አጥንት ወስዶ አጽድቶ ማኖር ነው። ሦስተኛው ከእንስሳ፥ ይልቁንም ከላም አጥንት ማዘጋጀት ነው። አራተኛው የሾፌሩ ፍርሀት ምክንያት የሆነው ሰው ሠራሽ ምትክ ነው።

ስለ እርሱም አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ላሪ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ የሴራሚክ ሊቅ በአውቶቡስ ወደ ጉባኤ ሲሄድ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ አንድ ኮሎኔል ከጐኑ ተቀመጠ። ኮሎኔሉም የወጣቶች እግርና እጅ የሚቈረጠው ሰውነት ብረቱንና ፕላስቲኩን ስለማይቀበለው ነውና፥ ሰውነት የሚቀበለው ነገር ልትሠሩ አትችሉምን ብሎ ጠየቀው። ሄንችም ከሁለት ዓመት በኋላ፥ ሰርዶ በፈረሰችበት በዚያው በ1969፥ ከሲሊካ፥ ከካልሲየም፥ ከሶዲየምና ከፎስፈረስ ያቀለጠው መስታወት ከሕያው አጥንት ጋር ተጣብቆ የማይላቀቅ ሆኖ አገኘው። ባዮግላስ የተባለው ይህ ነው። ከእርሱም ሌላ የአጥንትን ማዕድን የሚመስለው ሃይድሮክሲአፓታይት፥ ፈጥኖ የሚሟሟው ትራይካልሲየም ፎስፌት፥ እንዲሁም ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባለው ፕላስቲክ አሉ። ይህ የመጨረሻው ሲሟሟ የሚሆነው፥ በእርጎ ውስጥ ያለውን፥ ጡንቻችንም ሲደክም ራሱ የሚያወጣውን ያንኑ አሲድ ነው። ከባሕር ኮራልም የአጥንት ምትክ ይሠራል። በደናክል የጨው ሜዳ ዳርቻ ባሕሩ ከሸሸ በኋላ የቀረውን የጥንት ኮራል ላየ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

የዚህ ሁሉ አሠራር አንድ ነው። ቍሳቁሱ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ሆኖ ይሠራል፤ ቀዳዳውም እርስ በርሱ የተያያዘና ከአንድ ሚሊሜትር ሦስት ዐሥረኛው ያህል ሲሆን መልካም ነው፤ ደም ሥር ገብቶ ማለፍ ይኖርበታልና። አንዳንድ ጊዜም ከበሽተኛው መቅኒ የተቀዳ ሕዋስ አስቀድሞ ይዘራበታል። አጥንት ሠሪዎቹ ሕዋሳት በግድግዳው ላይ ተንጠላጥለው ክራቸውን ይዘረጋሉ፥ ማዕድኑን ያስቀምጣሉ፤ እነርሱ እየሠሩ ሲሄዱ ቍሳቁሱ እየሟሟ ይቀንሳል። ስለዚህ ግንበኞች ርብራብ ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የባሕር ዛፍ ርብራብ ዙሪያውን ይቆማል፤ ጉልላቱ ከተሰቀለ በኋላ ይፈርሳል። ርብራቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሠራው የሚል የለም፤ ያለ ርብራብም ጉልላቱን የሚሰቅል የለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንዳንድ ሰው ይህን በሰማ ጊዜ ሰው ከፈጣሪው ጋር ሊፎካከር ተነሣ ይላል። እኔ ግን እንዲህ ማለት ነገሩን አለማስተዋል ይመስለኛል። ከላይ እንዳየነው ሊቃውንቱ አጥንትን መሥራት ስላልቻሉ አጥንት ሠሪው የሚቆምበትን ስፍራ አዘጋጁ፤ የጥበባቸው ሁሉ ፍጻሜም የሠሩት ነገር ጠፍቶ እግዚአብሔር የፈጠረው እንዲቀር ነው። ኢየሱስ ልጅ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ልዑል መድኀኒትን ከምድር እንዳስገኘ ሲናገር አስተዋይ ሰው እንዳይንቀው ያሳስባል፤ ሲሊካ ከአሸዋ፥ ካልሲየም ከኖራ ድንጋይ የሚገኝ የምድር ፍሬ አይደለምን? ይልቁንስ በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ መታበይ የሚፈጥረው የቍሳቁሱ ሰው ሠራሽነት አይደለም። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ሾፌሩ የጠየቀው ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። በእርግጥ የሰውን ሥጋ የእርሱ የሚያደርገው ምንድን ነው? ያ ልዩ ማዕድን፥ ያች ልዩ የካልሲየም ቅንጣት ነው ያልን እንደ ሆነ፥ ከዐሥር ዓመት በፊት የነበረን አጥንት አብዛኛው ዛሬ የለንምና ሁላችንም በሌላ ሰው እግር ቆመናል ማለት ይሆናል። በልጅነቱ ከጠጣው ወተት ያገኘው ካልሲየም አስቀድሞ የላም፥ ከዚያም በፊት የሣር፥ ከዚያም በፊት የአፈር ነበረ። ለምን እንግዲህ ከላም ያገኘውን ሳይፈራ ከፋብሪካ ያገኘውን ፈራ? ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ወንድሙ ቅዱስ ባስልዮስ ካረፈ በኋላ እኅቱን ማክሪናን በሞት አልጋዋ ላይ አግኝቶ ስለ ትንሣኤ የተነጋገሩትን ጽፎ አቆይቶልናል። በዚያም የተበተነው ሥጋ እንዴት ይሰበሰባል የሚለው ክርክር በስፋት ተነሥቷል፤ የእኅቲቱም መልስ ነፍስ የራሷን ታውቃለች፥ አትስታትም የሚል ነው። አራዊት የበሏቸው፥ በእሳት የተቃጠሉ ሰማዕታት ከትንሣኤ ያልጐደሉ ከሆነ፥ በእግሩ ውስጥ ጥቂት የሴራሚክ ፍርፋሪ ያለበት ሾፌርም አይጐድልም። እንዲያውም በሐኪሞቹ አሳብ የሆነለት እንደ ሆነ፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፍርፋሪው ይሟሟል፤ በስፍራው የሚገኘው የገዛ ሕዋሳቱ የሠሩት የገዛ አጥንቱ ነው።

ይህን በጥንቃቄ ማሰብ እንደሚገባን የሚያስተምር አሮጌ ታሪክ አለ። የአምስተርዳም ቀዶ ሐኪም የነበረው ዮብ ቫን ሜክረን፥ እ.ኤ.አ. በ1668 በታተመ መጽሐፉ፥ በሰይፍ ራሱ የተመታ አንድ የሩሲያ ባላባት በራስ ቅሉ ላይ የውሻ አጥንት ተተክሎለት እንደ ዳነ ይነግራል። የአገሩ ካህናት ግን ይህን ሰምተው አጥንቱ እስኪወጣለት ድረስ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ለዩት ይላል። ታሪኩ እንደ ተጻፈው ከሆነ ካህናቱ ጥያቄ ማንሣታቸው አያስነቅፋቸውም፤ የውሻ አጥንት በክርስቲያን ራስ ላይ ሲሆን ዝም ማለት ግድየለሽነት ነው። ያጠፉት በጥያቄው ምትክ ፍርዱን ማስቀደማቸው ነው። ድኖ ለምስጋና ወደ ቤተ ክርስቲያን የመጣው ሰው ቍስሉን መልሶ ይክፈት ዘንድ ታዘዘ።

ይህ የእንስሳ ነገር ዛሬም አልቀረም። ከላም ብቻ ሳይሆን ከዐሣማ የሚዘጋጅ ኮላጅንና አጥንት በዓለም ገበያ አለ። እኛ ኦርቶዶክሳውያንም፥ በሰርዶና በሰመራ አብረውን የሚኖሩት እስላሞች የአፋር ወንድሞቻችንም የዐሣማ ሥጋ አንበላም። በእኔ አሳብ መብላትና መታከም አንድ አይደሉም፤ የሞት ወይም የአካል ጕድለት ጭንቅ የመጣበትን ሰው በዚህ ምክንያት ማንም ሊከለክለው አይገባም። ነገር ግን ሰውዬው ሳያውቅ በሥጋው ውስጥ ይህን ማኖር፥ በኋላም የማሸጊያውን ጽሑፍ ሌላ ሰው አንብቦ እንዲነግረው ማድረግ፥ ከአንድ ሰው ሕሊና ላይ በሌሊት መስረቅ ነው። ሰው ሠራሹ ቍሳቁስ የሰውን ሬሳም የእንስሳንም ሥጋ ሳይነካ የሚሠራ መሆኑ ለእንደዚህ ያለው ሕሊና ትልቅ ዕረፍት ነው። ሾፌሩ የፈራው ነገር፥ ሁሉን ቢያውቅ ኖሮ፥ ከአማራጮቹ ለእምነቱ የሚቀለው ሳይሆን አልቀረም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እገባለሁ። ርብራቡ ቅን ነው፤ ርብራቡን የሚያቆመው እጅ ግን ሁልጊዜ ቅን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2011 ፓውሎ ማኪያሪኒ የተባለ ጣሊያናዊ ቀዶ ሐኪም በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከፕላስቲክ የተሠራ የመተንፈሻ ቧንቧ ርብራብ በበሽተኛው የገዛ ሕዋሳት ዘርቶ ተከለ፤ ዓለምም ሁሉ ተደነቀ። ይህ ስለ አጥንት አይደለም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። የመጀመሪያው ታካሚ ከእኛው ወገን፥ ከኤርትራ ሄዶ በውጭ አገር ይማር የነበረ ሰው ነው። አሠራሩ በእንስሳ ላይ በሚገባ ሳይፈተን በእርሱ ላይ ተፈተነ። ሕዋሳቱ በፕላስቲኩ ላይ እንደ ተነገረው ሕያው ቧንቧ አልሠሩም፤ ታካሚውም በ2014 መጀመሪያ ዐረፈ። ስለ ድንቁ ሥራ ያወጀውን ጽሑፍ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2018 ሰረዘው፤ የስቶክሆልም ይግባኝ ፍርድ ቤትም በሰኔ ወር 2023 ሐኪሙን ሦስት ሰዎችን በከባድ ሁኔታ በመጉዳት ጥፋተኛ ብሎ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ፈረደበት።

እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ እጅግ የከበደኝ የዚያ ስደተኛ ተማሪ ነገር ነው። በሰው አገር ሆኖ የሚያስጨንቅ በሽታ ይዞት፥ ታላቅ ሊቅ መጥቶ ተስፋ ሲሰጠው ምን ይበል? ተስፋ ለቈረጠ ሰው «እሺ» ማለት ፈቃድ ይባላልን? ፈቃድ ማለት እውነቱን ሰምቶ፥ እምቢ ቢል እንደማይጣል ዐውቆ የሚሰጥ ቃል ነው። አስቀድሜ መታበይ ያልሁት ይህን ነበር። የአባታችን የአዳም ጐን ተከፍቶ አጥንት በተወሰደ ጊዜ እንኳ እግዚአብሔር አስቀድሞ ከባድ እንቅልፍ እንደ ጣለበትና በኋላም ስፍራውን በሥጋ እንደ ዘጋው ተጽፏል፤ ሁሉን የሚችለው ፈጣሪ እንዲህ ለሰው ሥቃይ ከተጠነቀቀ፥ ሰው ሐኪም እንዴት ይቸኩላል? በአጥንት ሕክምናም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አጥንትን ፈጥኖ የሚያሳድግ አንድ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ለጀርባ አጥንት ከተፈቀደ በኋላ፥ በ2011 የወጣ ምርመራ በአምራቹ ገንዘብ የተደገፉት ጸሐፊዎች ጉዳቱን እጅግ አሳንሰው እንደ ጻፉ ገለጠ።

ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ደጅ ለድውያን ቤት የሠራ አባት ነው፤ ለመነኰሳትም በጻፈው ሥርዐት ሕክምናን የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ሲቀበል ተስፋን ሁሉ በሐኪም እጅ መጣልን ግን ይነቅፋል። የዚያችው ቤት ልጅ ማክሪና ደግሞ በደረቷ ላይ ዕባጭ በወጣ ጊዜ ለሐኪም መገለጥን እምቢ ብላ ሌሊቱን በጸሎት አደረች፤ እናቷም ባማተበችባት ጊዜ እንደ ዳነች ወንድሟ ጽፏል። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ቅዱሳን፥ አንዱ ሆስፒታል ሲሠራ አንዲቱ ከሐኪም ስትርቅ፥ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም አክብራ ትኖራለች። ስለዚህ ሾፌሩ ሁሉን ሰምቶ እምቢ ቢል ኀጢአተኛ አልለውም፤ ሳይሰማ እምቢ እንዲል ትቼው የሄድሁት ግን እኔ ነኝ።

ስለ ዋጋው ደግሞ በአጭሩ። እንዲህ ያለው ምትክ ከውጭ በምንዛሪ የሚመጣ ነውና ለብዙው ሰው ሩቅ ነው። አገራችን እስከ ዛሬ ስብራትን በብዛት የምታስታምመው በወጌሻ እጅ ነው። ብዙ ወጌሾች የተመሰገነ ጥበብ አላቸው፤ ነገር ግን ዕንጨቱና ጨርቁ ሲጠብቅ ደም ይቆማል፥ እግሩም በጥቂት ቀን ይሞታል፥ ይቈረጣልም። ጣቱ የጠቈረበትን፥ የቀዘቀዘበትን፥ የደነዘዘበትን ሰው ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ወደ ሐኪም ቤት መላክ ምንም ሴራሚክ አይጠይቅም። የአጥቢያ ካህናት ይህችን ብቻ ለምእመናን ቢነግሩ ስንት እግር ይተርፋል።

ሾፌሩን ያወቀው የሻይ ቤቱ ባለቤት ስልኩን ስለ ሰጠኝ ባለፈው ወር ደወልሁለት። ይቅርታ ጠይቄው ከላይ የጻፍሁትን በአጭሩ ነገርሁትና፥ ወደ ሐኪሞቹ ስትመለስ ሦስት ነገር ጠይቅ አልሁት፤ ቍሳቁሱ ከምን ተሠራ፥ ከዚህ በፊት በእንደ አንተ ያለ ስብራት ተሞክሮ ምን ሆነ፥ ባይዝስ ምን ታደርጋላችሁ። አንድ በአንድ እየደገመ ረዳቱን አስጻፈ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብሎ «አባ፥ አራተኛ ልጨምር፤ መቼ መሪ እይዛለሁ የሚለውን» አለኝ።